ከአጥር ማዶ ወደ ጋራዥ፦ የእንግሊዝ የመኪና ውድድር አፍቃሪዎችና የውድድር ምሕንድስና ሙያ አጀማመር

በመኪና ውድድር ዓለም የውድድር መሐንዲስ የሚባለው ባለሙያ፣ ለፍጥነት ብቻ የሚሠራ መኪና የሚነድፍ፣ የሚገነባ፣ በውድድሩ ዕለት ከአየሩ ጠባይና ከመንገዱ ሁኔታ ጋር የሚያስማማ፣ ከውድድሩም በኋላ ከመኪናው የተሰበሰበውን ልኬት መርምሮ ቀጣዩን ማሻሻያ የሚወስን ሰው ነው። ሙያው ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ፣ በኮምፒዩተር ስሌትና በመቶዎች በሚቆጠሩ ሠራተኞች የታጀበ በመሆኑ ከትልልቅ የመኪና ፋብሪካዎች ወይም ከመንግሥት የምርምር ተቋማት የተወለደ ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ከፎርሙላ 1 ቡድኖች ከግማሽ የሚበልጡት በሚሠሩባት በእንግሊዝ፣ ለሙያው መሠረት የጣሉት በአመዛኙ ከአጥር ማዶ ቆመው ውድድር ይመለከቱ የነበሩ አፍቃሪዎች ሲሆኑ፣ ከተመልካችነት ወደ ሠሪነት ያሻገራቸውም የሀብትን ጉልበት ሆን ብሎ የገደበ የውድድር ደንብ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1903 የወጣው የእንግሊዝ የመኪና ሕግ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚፈቀደውን ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ስለ ወሰነው፣ በፈረንሳይና በጣሊያን ከከተማ ወደ ከተማ ይደረግ የነበረው ዓይነት ውድድር በዚያ አገር የሚታሰብ አልነበረም። ሂዩ ሎክ ኪንግ የተባለ ባለርስት ለዚህ መላ ብሎ በሰሪ አውራጃ፣ በዌይብሪጅ አቅራቢያ በገዛ መሬቱ ላይ ያስገነባውና በ1907 የተከፈተው ብሩክላንድስ፣ በኮንክሪት የተሠራና ኩርባዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ የውድድር ቀለበት ነበር። አሠራሩ የተቀዳው ከፈረስ እሽቅድምድም በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች ሹፌሮቹ የሚለዩት በቁጥር ሳይሆን እንደ ፈረስ ጋላቢዎች በለበሱት ልብስ ቀለም ነበር። ቦታው የባለጠጎች መዋያ ነበር ማለት ይቻላል፤ ተራው የስፖርቱ ቤተሰብ ለማየት ይምጣ እንጂ መኪና ሠርቶ መወዳደር የሚያስችል አቅም አልነበረውም።

ይሁን እንጂ በሞተር ብስክሌት በኩል በሩ ትንሽ ገርበብ ያለ ነበር፤ በዚያ ከገቡት መካከልም ቢያትሪስ ሺሊንግ ልዩ ስፍራ ይገባታል። በ1909 የተወለደችውና በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማረችው ሺሊንግ፣ በ1934 በብሩክላንድስ በኖርተን ሞተር ብስክሌት በሰዓት 106 ማይል (170 ኪሎ ሜትር) የሆነ ዙር በመጋለብ ከ100 ማይል በላይ ለሮጡ ብቻ የሚሰጠውን የወርቅ ኮከብ አግኝታለች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በፋርንቦሮ በሚገኘው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ስትሠራ፣ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች አፍንጫቸውን በድንገት ወደ ታች ሲደፉ ካርቡራተራቸው መጀመሪያ ነዳጅ እያጣ፣ ወዲያው ደግሞ በነዳጅ እየታፈነ ሞተራቸው የሚያቋርጥበትን ችግር፣ በልክ የተበሳች ትንሽ የብረት ቀለበት በነዳጁ መስመር ላይ በማስገባት በ1941 በእጅጉ አቃልላዋለች። ቀለበቷ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከሚያስፈልገው የነዳጅ መጠን በላይ እንዳያልፍ ታደርግ ነበር። የራሷን ሞተር ብስክሌት ፈታታ የምትገጥም ተወዳዳሪ ችግሩን በርካሽና በፍጥነት መፍታቷ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም፤ ተወዳዳሪ ሰው ለሚቀጥለው እሑድ መድረስ ስላለበት ረጅሙን መፍትሔ ለመጠበቅ ጊዜ የለውም።

በ1939 የጀመረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሩክላንድስን ለውድድር ዘጋው፤ ግቢው የአውሮፕላን ማምረቻ ሆነ፤ ከሰላም በኋላም ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ አልተመለሰም። ጦርነቱ ግን በአንድ እጁ የነሣውን በሌላው ሰጥቷል። ለቦምብ ጣዮችና ለተዋጊዎች የተሠሩት የአየር ማረፊያዎች ሥራ ፈትተው ሲቀሩ በዙሪያቸው ያለው አስፋልት ዝግጁ የውድድር መንገድ ሆኖ ተገኘ፤ ሲልቨርስቶንና ጉድውድ ሁለቱም በ1948 ለውድድር የዋሉት በዚህ መንገድ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮና ውድድር የተካሄደውም ሜይ 13 ቀን 1950 በሲልቨርስቶን ነው። ከሠራዊቱና ከአውሮፕላን ፋብሪካዎች የተሰናበቱ ወጣቶች ደግሞ አልሙኒየም ላሜራ መቀጥቀጥ፣ ቀጭን ቱቦ መበየድና የአንድን አካል ጥንካሬ በወረቀት ላይ ማስላት ያውቁ ነበር። የጎደላቸው ገንዘብ ነበር፤ ቤንዚን እንኳ እስከ 1950 ድረስ በኩፖን ይታደል ነበር።

ይህን ሁሉ ሰብስቦ መልክ የሰጠው 750 ሞተር ክለብ ነው። ክለቡ በ1939 የተመሠረተው የሞተር ስፖርት መጽሔት አዘጋጅ በነበረው በቢል ቦዲ አነሳሽነት፣ ኦስቲን 7 የምትባለውን ትንሽ መኪና በሚወዱ ሰዎች ነበር። ኦስቲን 7 ከ1922 እስከ 1939 ተመርታ በብዛት የተሸጠች፣ 747 ሲሲ ሞተር ያላት የቤተሰብ መኪና ስትሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ አሮጌዎቹ በየጓሮው ተጥለው በጥቂት ፓውንድ ይገኙ ነበር። ክለቡ ያወጣው 750 ፎርሙላ፣ ማለትም መኪናው ሊያሟላቸው የሚገቡ ደንቦች ስብስብ፣ ተወዳዳሪው ሻንሲውንና የሞተሩን ብሎክ ከኦስቲን 7 እንዲወስድ ያስገድድ ነበር፤ ሌላውን ግን በአብዛኛው ለራሱ ይተውለት ነበር። በዚህም ሁሉም ከአንድ ዓይነት ውራጅ ብረት ስለሚነሣ ልዩነት የሚመጣው በአሠራር ብቻ ነበር። አንድ ወጣት ውድ ሞተር በመግዛት ሊበልጥ ካልቻለ ያለውን ሞተር ከሌላው አጥልቆ ማወቅ ግዴታው ነው፤ ክለቡም ሳያስበው ትምህርት ቤት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ትምህርት ቤት ዝነኛ ውጤት ኮሊን ቻፕማን ነው። በ1928 የተወለደው ቻፕማን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የግንባታ ምሕንድስና እየተማረ በ1948 ሎተስ ብሎ ከሰየማቸው መኪናዎች የመጀመሪያዋን ከአንድ አሮጌ ኦስቲን 7 ሠራ፤ ሥራው የተከናወነው በሴት ጓደኛው ወላጆች ቤት ባለ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ለ1951 ውድድር ዘመን ለ750 ፎርሙላ የሠራት ሦስተኛዋ ሎተስ ግን የደንብ አነባበብና የምሕንድስና ዕውቀት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በግልጽ አሳየች። የኦስቲን 7 ሞተር አራት ሲሊንደሮች ሲኖሩት የአየርና የቤንዚን ቅልቅል የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሁለት ብቻ በመሆናቸው፣ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ሁለት ሲሊንደሮች አንድ ቀዳዳ ይጋሩ ነበር። በሲሊንደሮቹ የመተኮስ ተራ መሠረት ጎረቤታሞቹ የሚስቡት አንዱ ሌላውን ወዲያው ተከትሎ ስለሆነ፣ አንደኛው የሌላውን ድርሻ ይሻማበታል፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ደንቡ ብሎኩ እንዳይለወጥ ቢልም በቀዳዳው ውስጥ ምንም ነገር አይገባም አላለም ነበርና፣ ቻፕማን በእያንዳንዱ ቀዳዳ መሐል መክፈያ ብረት አስገብቶ ሁለቱን አራት አደረጋቸው፤ ለዚህም የሚስማማ አራት መንገድ ያለው የማስገቢያ ቱቦ ሠራ። መኪናዋ ተፎካካሪዎቿን ጥላ ስለ ሄደች ክለቡ ዘዴውን ከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ይሁን እንጂ ለአንድ ጀማሪ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት መገመት ያስቸግራል።

በ1952 መጀመሪያ ላይ የተመሠረተው ሎተስ ኢንጂነሪንግ ሥራ የጀመረው በሰሜን ለንደን፣ በሆርንሲ፣ የቻፕማን አባት ከሚያስተዳድሩት ሆቴል ጀርባ በሚገኝ አሮጌ የፈረስ ጋጣ ውስጥ ነበር። ሠራተኞቹ ቀን በሌላ ሥራ ውለው ማታ ማታ የሚመጡ አፍቃሪዎች ሲሆኑ ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። ማይክ ኮስቲን ከደ ሃቪላንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ማታ እየመጣ ከዚያው ቀረ። ግራሃም ሂል በ1953 ብራንድስ ሃች በተባለው የውድድር ቦታ ለአንድ ዙር 5 ሽልንግ እየተከፈለ መኪና መንዳት እንደሚቻል በማስታወቂያ አንብቦ አራት ዙር ከነዳ በኋላ ሥራውን ትቶ መካኒክ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ በሎተስ የተቀጠረው ይህ ሰው በ1962ና በ1968 የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል። በኢምፔሪያል ኮሌጅ የተማረው ኪዝ ዳክወርዝ ደግሞ በሎተስ የካምቢዮ ሥራ ላይ ጥቂት ከቆየ በኋላ በ1958 ከኮስቲን ጋር ኮስወርዝ የተባለውን የሞተር ኩባንያ መሠረተ፤ ስሙም የሁለቱ ስም ቅልቅል ነው። የዚህ ዘመን ታሪክ ብዙ ጊዜ በናፍቆት የሚተረክ ቢሆንም ያለ ክፍያ ማምሸት ለሁሉም የሚቻል እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወይም የሚደጉመው ዘመድ የሌለው ወጣት በዚህ በር ሊገባ አይችልም ነበር፤ ሴቶችም በጋራዡ እምብዛም አይታዩም ነበር።

ከእነዚህ ትንንሽ ቤቶች የወጣው ሥራ የትልልቆቹን ፋብሪካዎች አስተሳሰብ ለወጠ። በሰርቢተን ትንሽ ጋራዥ የነበራቸው ቻርልስ ኩፐርና ልጁ ጆን በ1946 የሞተር ብስክሌት ሞተር ከሹፌሩ ጀርባ አስቀምጠው የኋላ ጎማውን በካቴና የሚያዞር ትንሽ መኪና የሠሩት ለዚያ ዓይነቱ ሞተር የሚመቸው ቦታ እርሱ ስለነበረ ነው፤ ይኸው አቀማመጥ አድጎ በ1959ና በ1960 ሹፌሩን ጃክ ብራባምን የዓለም ሻምፒዮን ሲያደርግ፣ ሞተርን ከፊት የማስቀመጥ ዘመን አበቃ። ኤንዞ ፌራሪ እነዚህን ቡድኖች የጋራዥ ሰዎች እያሉ ይንቋቸው እንደነበር ይታወቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ፌራሪም ሞተሩን ከሹፌሩ ጀርባ አዙሯል። ፎርድ በ100,000 ፓውንድ ወጪ ያሠራው የኮስወርዝ ዲኤፍቪ ሞተር በ1967 በዛንድቮርት ገና በመጀመሪያ ውድድሩ አሸነፈ፤ በ7,500 ፓውንድ ለማንም ቡድን ለሽያጭ በመቅረቡም እስከ 1983 ድረስ 155 የሻምፒዮና ድሎችን አስገኝቷል። ከዚህ በኋላ ሞተሩን ገዝቶ ካምቢዮውንም ከሌላ ኩባንያ አምጥቶ በሻንሲው ላይ ብቻ የሚራቀቅ አነስተኛ ቡድን ከፋብሪካ ጋር እኩል መቆም ቻለ፤ የ750 ክለብ ሐሳብ በትልቁ መድረክ ላይ ሠርቷል ማለት ነው።

የዚህ ዝና ወሬ ሩቅ ደርሷል። በ1946 በደቡብ አፍሪካ፣ በደርባን የተወለደው ጎርደን መሪ በዚያው ከተማ የሜካኒካል ምሕንድስና ተምሮ፣ በራሱ ንድፍ የሠራትን መኪና በአገሩ ውድድሮች ላይ ራሱ ነድቷታል። በ1969 በሎተስ የመቀጠር ተስፋ ይዞ ወደ እንግሊዝ ቢሄድም ሥራ ያገኘው በብራባም ቡድን ነበር፤ በዚያም ዋና ነዳፊ ለመሆን በቃ። በ1978 በስዊድን ያሸነፈችውና ከኋላዋ በተገጠመ ትልቅ ማራገቢያ ከሥሯ አየር እየመጠጠች መሬት ላይ የምትጣበቀው መኪና የእርሱ ሥራ ናት።

ይህች መኪና ግን የጋራዡ ዘመን ማብቂያ ምልክትም ነበረች። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሎተስ ከመኪናው ሥር የሚያልፈውን አየር በማፋጠን መኪናውን ወደ መሬት የሚስብ ቅርጽ ሲያገኝ፣ ጥናቱ የተካሄደው በኢምፔሪያል ኮሌጅ የነፋስ ዋሻ፣ ማለትም በሞዴል ላይ አየር እየነፋ የሚገፋውን ኃይል በሚለካ ክፍል ውስጥ ነበር። በ1981 ደግሞ ማክላረን የተባለው ቡድን የመኪናውን አካል ከካርቦን ፋይበር ሲሠራ ቅርፊቱን ያዘጋጀለት በአሜሪካ በጦር መሣሪያና በሕዋ ሥራ የተሰማራ ኩባንያ ነው። የነፋስ ዋሻም ሆነ የካርቦን ምድጃ በፈረስ ጋጣ ውስጥ አይገኝም። አድሪያን ኒዊ በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የአውሮፕላን ምሕንድስና ሲማር የመመረቂያ ጥናቱን በዚሁ መኪናውን ወደ መሬት በሚስብ ቅርጽ ላይ ሠርቶ በ1980 እንደተመረቀ በቀጥታ በፊቲፓልዲ ቡድን ተቀጥሯል፤ እርሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የስፖርቱ ፍቅር የነበረበት ሰው ነው፤ የገባው ግን በዲግሪው በር ነበር።

የዲግሪው በር የራሱን ችግር አመጣ፤ ስሌት የሚያውቅ ነገር ግን ብሎን አጥብቆ የማያውቅ ምሩቅ መብዛት ጀመረ። የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በአሜሪካ ከ1981 ጀምሮ ይካሄድ ከነበረው የተማሪዎች ውድድር ወስዶ በ1998 በእንግሊዝ የጀመረው ፎርሙላ ስቱደንት ለዚህ መልስ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ትንሽ የውድድር መኪና ነድፈውና ሠርተው ያቀርባሉ፤ ከ1,000 ነጥብ ውስጥ ከፍተኛው ድርሻ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሸፍነው የጽናት ውድድር ሲሆን ብዙ መኪናዎች ሳይጨርሱት ይቀራሉ። ከዚያ ቀድሞ ዳኞች፣ አብዛኞቹም በሥራ ላይ ያሉ መሐንዲሶች፣ መኪናውን ከብበው አንድ ዘንግ ለምን ያን ያህል ወፍራም እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ የሚፈልጉትም ቁጥርና ምክንያት ነው። ለቡድኖች የሥራ ማመልከቻ የሚያስገባ ወጣት በዚህ ውድድር መሳተፉ ዛሬ እንደ ትልቅ ብልጫ ይታይለታል። ዩኒቨርሲቲዎቹ በዚህ ያደረጉት፣ የድሮዎቹ አፍቃሪዎች በችግር ብዛት ያገኙትን ውሱን በጀት፣ ጥብቅ ደንብና የማታ ሥራ በሥርዓተ ትምህርት ዳር መልሶ ማቋቋም ነው። ፎርሙላ 1 ራሱም በ2021 የቡድኖችን ዓመታዊ ወጪ በ145 ሚሊዮን ዶላር ሲገድብ፣ መጠኑ ከአሮጌ ኦስቲን ዋጋ ጋር ባይነጻጸርም ሐሳቡ ከዚያው ሰፈር የመጣ ነው።

750 ፎርሙላ ዛሬም ይካሄዳል። የኦስቲን 7 መለዋወጫ እየጠፋ ሲሄድ ሞተሩ ወደ ሪላያንት፣ ከዚያም ወደ ፊያት ተቀይሯል፤ ሻንሲውንም አሁን ተወዳዳሪው ራሱ ነድፎ በጋራዡ መበየድ ይችላል።