የካሚዮን ባለቤትና የመንገድ ፈቃድ

በአሜሪካ አገር የካሚዮን ባለቤት መሆንና በራስ ስም የሰው ዕቃ ጭኖ ኪራይ መቀበል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። መነሻው በ1935 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ ነው። ይኸው ሕግ ከግዛት ወደ ግዛት በመኪና የሚደረገውን የጭነት ንግድ በኢንተርስቴት ኮሜርስ ኮሚሲዮን ሥልጣን ሥር አዋለው። ከዚያ ዓመት ሰኔ 1 ቀን አስቀድሞ በሥራው ላይ የነበሩት ፈቃዱን ሲያገኙ፣ በኋላ የመጣው ግን አገልግሎቱ ለሕዝብ የሚያስፈልግ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት፤ የቀደሙትም እየቀረቡ ይቃወሙት ነበር። በፋብሪካ ያልተለወጠ የእርሻ ምርት ግን ፈቃድ አይጠየቅበትም ነበርና፣ ባለካሚዮኑ አትክልቱን አድርሶ ባዶውን እንዳይመለስ መኪናውን ከነጉልበቱ ለባለፈቃድ ኩባንያ ያከራይ ጀመር። በእኛ አገር የራሱ በሬ እያለው የሰው መሬት በእኩል ያርስ የነበረውን ገበሬ ይመስላል።

በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ በሩን ከፈተው፤ ኮሚሲዮኑም በ1995 መጨረሻ ቀረ። ዛሬ የፈቃዱ ማመልከቻ 300 ዶላር ቢሆን ነው። ከባዱ መድኑ ነው፤ ለተራ ጭነት እንኳ ቢያንስ የ750,000 ዶላር ዋስትና ግዴታ ነው። በኩባንያ ስም የሚሠራው ይህን ሸክም ለኩባንያው ይተዋል፤ በፈንታውም ከኪራዩ ድርሻ ይለቃል።

በዚያ በነጂነት የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችንም ይህ ጥያቄ ያገኛቸዋል። በእኔ አስተያየት፣ የራሱ ደንበኛ ሳይኖረው ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ከኩባንያ እጅ ወጥቶ በደላላ እጅ መግባቱ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በኪራይ ውል ቢሠራ ይሻለዋል። ውሉም በጽሑፍ እንዲሆን ደንቡ ያዛል፤ በመቶኛ የሚከፈለው ሰው የጭነቱን ሒሳብ ግልባጭ የመቀበል መብት አለው።