ቱሉ ዲምቱና የኬሚካል ደኅንነት ሕግ

ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በኮንዶሚኒየሙና በ2006 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻነቱ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ጭነት በዚህ አቅጣጫ ይገባል፤ ለፋብሪካ የሚሆን ኬሚካልም አብሮ ይገባል። በዚያው ክፍለ ከተማ የአቃቂ ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። ኬሚካሉ ሲገባም ሲወጣም የሚታየው እዚሁ ነው።

የኢትዮጵያ የኬሚካል ሕግ በአንድ አዋጅ የተሰበሰበ አይደለም። ፀረ ተባይ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ይመራል፤ ሳይመዘገብ ሊገባም ሊሸጥም አይችልም። አደገኛ ቆሻሻ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010፣ የሠራተኛ ደኅንነት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይታያል። የኢንዱስትሪ ኬሚካሎች ግን ለረጅም ዘመን እንደ ፀረ ተባዩ ያለ የቅድሚያ ምዝገባ ሕግ አልነበራቸውም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ላይ የዋለው «ሪች» የተባለው ሕግ የማስረዳቱን ሸክም በአምራቹና በአስመጪው ላይ ጥሏል፤ መረጃ ያልቀረበለት ኬሚካል ገበያ አይገባም። የእኛ ሕግ ግን ይበልጡን የሚጠብቀው ፍሳሹን ነው።

ፍሳሹንም ቢሆን በወጉ ጠብቋል ማለት አይቻልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ከልክሏል። ይሁንና በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ሰጠ። በዚያ ሁሉ ዓመት ጎመንና ቆስጣ የአቃቂን ውሃ እየጠጡ ለከተማዋ ገበያ ይቀርቡ ነበር፤ በአትክልቶቹም ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ከደንቡ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ አፓፕ የተባለ የባለሙያዎች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ፍርድ ቤት አቁሞ ነበር። መከሰስ ያለበት በካዩ እንጂ ተቆጣጣሪው አይደለም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ። ይህ ውሳኔ ትልቅ ጉዳት አድርሷል፤ ዝም ያለን ተቆጣጣሪ ዜጋ ሊጠይቅበት የሚችለውን በር አጥብቧልና።

ሕጉ ምንጩን ሲይዝ ምን ሊሠራ እንደሚችል የቀለም ጉዳይ ያሳያል። ደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አይታወቅለትም። ግድግዳ ላይ የተቀባን ቀለም ፍቆ ከማንሳት ቆርቆሮው ሳይታሸግ መከልከል እንደሚቀል ግልጽ ነው። ሳይዙት የቀረ ኬሚካል ደግሞ ዕዳው ከባድ ነው፤ ኢትዮጵያ ለዓመታት ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበትን ፀረ ተባይ፣ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ፣ በውጭ ድጋፍ ወደ ፊንላንድ ልካ ለማቃጠል ተገዳለች።

የኬሚካል ሕጉ ሲሻሻል በየመሥሪያ ቤቱ የተበተነውን ኃላፊነት አሰባስቦ ቁጥጥሩን ወደ መግቢያው በር ማምጣት አለበት። ሕጉ እስከ ቤት መድረስም ይገባዋል፤ የኬሚካል ጀሪካን ታጥቦ የውሃ መቅጃ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነውና።

እስከዚያው ግን የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ አንድ መብት አለው። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በተሰጠው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል።