ከራስ እርሻ ወደ ጎረቤት ገበሬ፦ የአሜሪካ ሆስፒታሎችና ኮሌጆች ማዕድ ታሪካዊ ቅኝት

በአሜሪካ የሆስፒታልና የኮሌጅ ካፍቴሪያዎች የአካባቢያቸውን ምርት ለማቅረብ የሚያደርጉት ጥረት አዲስ ቢመስልም ሥሩ ጥልቅ ነው። ታሪኩን በሦስት ዘመናት ከፍሎ ማየት ይቻላል፤ ተቋማቱ ራሳቸው ያመረቱበት፣ ከሩቅ የገዙበትና ወደ ጎረቤት ገበሬ መመለስ የጀመሩበት። ሦስቱን የሚያያይዛቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ የተቋሙ የምግብ በጀት በማን እጅና በምን ደንብ ይወጣል? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ዘመን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራል። ትልልቅ የመንግሥት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች ሰፋፊ እርሻና የወተት ላሞች ነበሯቸው። ታካሚዎቹ ያርሱ፣ ያልቡ ነበር፤ ሥራው እንደ ሕክምናም እንደ ወጪ መቀነሻም ይቆጠር ነበር። በትምህርቱ በኩል የ1862ቱ የሞሪል ሕግ የግብርና ኮሌጆችን አስፋፋ። በኬንታኪ የቤሪያ ኮሌጅ ተማሪዎች የሚሠሩበት እርሻ ከ1871 ጀምሮ አለ።

ሁለተኛው ዘመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይጀምራል። ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው የጭነት መኪኖችና በ1956ቱ ሕግ የተስፋፉት አውራ ጎዳናዎች ርቀትን ርካሽ አደረጉት። በ1973 የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሠሩ ታካሚዎች ደመወዝ ይገባቸዋል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ፍትሐዊ ነበር፤ በነፃ ጉልበት የቆመው የሆስፒታል እርሻ ግን መሠረቱን አጣ። ወጥ ቤቶች ለምግብ አቅራቢ ድርጅቶች ተሰጡ፤ ግዥውም በጥቂት ትልልቅ አከፋፋዮች እጅ ገባ። ብዛት፣ ወጥ መጠንና የኢንሹራንስ ማስረጃ የሚጠይቀው ውል አነስተኛውን ገበሬ ከበር መለሰው። ባጭሩ፣ ተቋማቱ በመጀመሪያ እርሻውን፣ ቀጥሎም ግዥውን ከእጃቸው አወጡ።

ሦስተኛው ዘመን በኮሌጆች ተጀመረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአርካንሳው ሄንድሪክስ ኮሌጅ የካፍቴሪያው ምግብ ከየት እንደሚመጣ ተጠና፤ ኮሌጁም ከክፍለ ግዛቱ ገበሬዎች የሚገዛውን ጨመረ። በ1999 ቦን አፔቲ የተባለው የካፍቴሪያ አስተዳዳሪ ኩባንያ ለወጥ ቤቶቹ ግብ አስቀመጠ፤ ቢያንስ 20 በመቶው ግብዓት በ150 ማይል ክልል ካሉ አነስተኛ እርሻዎች እንዲመጣ። በ2001 የየል ዩኒቨርሲቲ በታዋቂዋ ምግብ አብሳይ አሊስ ዋተርስ ድጋፍ የዘላቂ ምግብ ፕሮጀክቱን መሠረተ። በ2008 የተማሪዎች ንቅናቄ ተነሥቶ 1 ቢሊዮን ዶላር የዩኒቨርሲቲ ምግብ በጀት ወደ አካባቢያዊና ፍትሐዊ ምርት እንዲዞር ዘመቻ ከፈተ።

ሆስፒታሎችም ተከተሉ። በ2003 ዶክተር ፕሬስተን ማሪንግ በኦክላንድ ካይዘር ሆስፒታል የገበሬዎች ገበያ አስጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ምርቱን ወደ ታካሚዎች ትሪ የማድረስ ሥራ ተያያዘ። በአሥርተ ዓመቱ አጋማሽ ሆስፒታሎች ጤናማና አካባቢያዊ ምግብ ለመግዛት የቃል ኪዳን ሰነድ መፈረም ያዙ። በ2017 ደግሞ የቦስተን ሜዲካል ሴንተር በጣሪያው ላይ አትክልት ማልማት ጀመረ። በዚህ መንገድ የምግቡ ምንጭ ራሱ የሕክምና ጉዳይ ሆነ።

የእነዚህ አሥርተ ዓመታት ተሞክሮ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ምርቱ በሚትረፈረፍበት በጋ ተማሪው ለዕረፍት ይሄዳል። ወጥ ቤቱ የታጠበና የተከተፈ አትክልት በየዕለቱ ይፈልጋል፤ ገበሬው ግን መጋዘንም ማጓጓዣም ያንሰዋል። ጥረቱ ሥር የያዘው የብዙ ገበሬዎችን ምርት ሰብስበው፣ አጽድተውና አቀዝቅዘው የሚያደርሱ ማዕከላት በተቋቋሙበት፣ የግዥ ውሉም ከዋጋ ባሻገር ትኩስነትንና የአካባቢን ኑሮ በመዘነበት ስፍራ ነው። ተቋማቱ እንደ ጥንቱ ራሳቸው እንዲያርሱ አይጠበቅም። ለሚያርሰው ጎረቤታቸው አስተማማኝ ገበያ ሊሰጡት ግን ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም። በሽተኛ የሚያድንና ወጣት የሚያስተምር ተቋም በዙሪያው ያለውን መሬትና ገበሬ ማሰንበትንም ከተልእኮው ሊቆጥር ይገባል።