ፊልሙ ካለቀ በኋላ፤ የኦክላንድና የሳን ሆዜ ሳሎኖች ወግ

የአማርኛ ፊልም ታሪክ ሲነገር ስማቸው የሚነሣው አዘጋጆቹ፣ ተዋንያኑና ሲኒማ ቤቶቹ ናቸው። ተመልካቹ ከተነሣም በትኬት ሽያጭ ነው። ፊልሙን ቤቱ ተቀምጦ አይቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሲያወጣ ሲያወርድ ያመሸው ሰው ግን በታሪኩ ቦታ አላገኘም። ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት አየዋለሁ። በተለይ በሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ኤሪያ፣ የአማርኛ ፊልም በሲኒማ ቤት ማየት ብርቅ በሆነበት አገር፣ አዳራሹም የሂስ ዐምዱም ሳሎን ነበር። እዚያ የተሰጠው ፍርድ አልተጻፈም እንጂ ፍርድ ነበር።

ከመሣሪያው ልነሣ። ፊልምን ከአዳራሽ አውጥተው ቤት ካስገቡት ግኝቶች ብዙዎቹ የተወለዱት ዛሬ እኛ ኪራይ በምንከፍልበትና ልጅ በምናሳድግበት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የባለሀብቱን የሊላንድ ስታንፎርድን ፈረስ ፓሎ አልቶ ላይ በግልቢያ እያለች በተከታታይ ፎቶግራፍ አነሣት። በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል ባለችው ፍሪሞንት፣ ናይልስ በሚባለው ሰፈር፣ ኤሳኔይ የተባለ ኩባንያ ድምፅ አልባ ፊልሞችን ይሠራ ነበር፤ ቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ትራምፕ»ን በ1915 የሠራው እዚያ ነው። በ1927 ደግሞ ፋይሎ ፋርንስወርዝ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በሳን ፍራንሲስኮ፣ ግሪን ጎዳና ላይ በነበረው ቤተ ሙከራው፣ በኤሌክትሮኒክ ቴሌቪዥን የመጀመሪያውን ምስል አስተላለፈ። ምስሉ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ለኛ ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የ1956ቱ ነው። በዚያ ዓመት ሬድዉድ ሲቲ የነበረው አምፔክስ ኩባንያ ለሥራ የሚበቃውን የመጀመሪያውን የምስል ቴፕ መቅጃ አወጣ። የገፋፋው የሰዓት ልዩነት ነው። ኒውዮርክ ላይ የማታ ዜና ሲነበብ ካሊፎርኒያ ገና ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ስርጭቱን ከስክሪን ላይ በፊልም እየቀረጹ፣ ፊልሙን በጥድፊያ እያጠቡ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ለምዕራቡ ዳርቻ ያሳዩ ነበር። ሲቢኤስ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ዜናውን በቴፕ አቆይቶ ሲያስተላልፍ ያ ሁሉ ግርግር ቀረ። ማሽኑ ወደ 50,000 ዶላር የሚያወጣና ቁም ሣጥን የሚያህል ስለነበር ቤት ለመግባት ሃያ ዓመት ያህል ፈጀበት፤ ሶኒ ቤታማክስን በ1975፣ ጄቪሲ ቪኤችኤስን በ1976 አወጡ። በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከቴሌቪዥን ቀርጾ በሚመቸው ሰዓት ቢያይ ሕግ አልጣሰም ሲል ወሰነ።

የኛ ሰው በብዛት የደረሰው በዚህ መካከል ነው። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ፣ ከደርግ ሸሽተው ሱዳን ለነበሩ ኢትዮጵያውያን በር ከፈተ። ኦክላንድ ውስጥ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶች ተራ በተራ ተከፈቱ፤ ካፌ ኮሉቺ በ1991 ሲመጣ ሰፈሩ የበርበሬ ሽታ መያዝ ጀምሮ ነበር። በየሳሎኑ ቪዲዮ ዴክ ገባ። ከአገር ቤት በሰው እጅ የሚመጣው ካሴት ሠርግ፣ ክርስትና፣ የጥምቀት በዓል፣ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተቀዳ ድራማና ዘፈን ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች የረሱት አንድ ጣጣ አለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የሚሠራው ፓል በሚባለው ሥርዓት ሲሆን አሜሪካ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን ትጠቀም ነበር። የመስመሮቹ ብዛትና በሰከንድ የሚያልፉት ምስሎች ቁጥር ስለማይገጥም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ካሴት ተራ የአሜሪካ ዴክ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይንሸራተታል፣ ቀለሙ ይጠፋል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ካሴቱን ከፍሎ ማስገልበጥ ወይም ሁሉንም የሚያነብ ውድ ዴክ መግዛት። ስለዚህ ያንን ዴክ የገዛ ቤት ሳያስበው የሰፈር ሲኒማ ሆነ። ቅዳሜ ማታ ሰው ካሴቱን በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ እንጀራ ይዘረጋል፤ አንዱ ቤተሰቡን በስክሪኑ ፈልጎ ሲያገኝ ያለቅሳል፤ ሌላው «እስቲ መልሰው» ይላል። በአገር ቤት ሲኒማ ራስ ወይም ሲኒማ ኢትዮጵያ ሄዶ በጨለማ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ይህን አያውቅም። «እስቲ መልሰው» ማለት የቻለ ተመልካች የመጣው ከቪዲዮ ጋር ነው። አንድን ትዕይንት አቁሞ፣ መልሶ፣ ተከራክሮበት መቀጠል እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። መጽሐፍ አንባቢ ገጽ እየመለሰ የሚያደርገውን የፊልም ተመልካች ያኔ አገኘው።

የሚታይ የአማርኛ ፊልም ግን እምብዛም አልነበረም። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሠራው በ1950ዎቹ መጨረሻ (በኛ አቆጣጠር) ነው፤ ስለ ደም መመላለስ የሚተርከው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974። ከዚያ ወዲህ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በፊልም መቅረጽ ገንዘብ ይጨርሳልና። ነገሩን የለወጠው የቪዲዮ ካሜራ ነው። በፈረንጆቹ አዲስ ሺህ ዓመት መግቢያ እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ ያሉ ሠሪዎች «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን በመሳሰሉ ሥራዎች አዲስ አበባ ውስጥ ሰው አሰለፉ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚወጣውን መቁጠር አዳጋች ሆነ። ቪሲዲና ዲቪዲው ባሕር ተሻግሮ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ሀበሻ መደብሮች ገባ። ከሽሮው ከረጢት ጎን፣ ከዕጣኑ በላይ፣ ፊታቸው በትልቁ የታተመ ተዋንያን ተደርድረው ሰው ለራት እንጀራ ሊገዛ ሲገባ ለእሑድ ፊልም ይዞ ይወጣ ነበር። ባለ ሱቁም ሂስ ሰጪ ነበር። «ይሄን አትውሰጂው፣ መጨረሻው ይቆርጣል፤ ያንኛውን ውሰጂ» የሚል ምክር የብዙ ፊልም ዕጣ ወስኗል።

ያም ሆኖ ከነዚያ ዲስኮች ስንቱ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ የተባዛ እንደነበር እናውቃለን። ኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ን ያወጣችው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ ካሊፎርኒያ ላይ ላለ መደርደሪያ ምንም አላደረገም። በጥቂት ዶላር የገዛነው ዲስክ ለሠሪው ሳንቲም ካላደረሰ፣ ስለ ድምፅ ጥራቱና ስለ መብራቱ ያቀረብነው ቅሬታ ከራሳችን ዕዳ ጋር አብሮ መታየት ነበረበት ባይ ነኝ።

በዚያው ጊዜ ከሳን ሆዜ ደጃፍ ሌላ ነገር እያደገ ነበር። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ1997 ስኮትስ ቫሊ ላይ ተመሠረተ፤ በ1998 ዲቪዲ በፖስታ ማከራየት ጀመረ፤ መቀመጫውን ሎስ ጋቶስ አደረገ። ዲቪዲ ቀጭንና ቀላል መሆኑ እንደ ደብዳቤ በፖስታ ዋጋ እንዲጓዝ አስቻለው። በ2007 ፊልሙን በኢንተርኔት መልቀቅ ጀመረ፤ የመጨረሻዎቹን ዲስኮች የላከው ሴፕቴምበር 29 ቀን 2023 ነው። ኩባንያው ከሁሉ አብልጦ የፈለገው የሰዎችን አስተያየት ነበር። በ2006 ደንበኛው ለአንድ ፊልም ስንት ኮከብ እንደሚሰጥ ከራሱ ስሌት በ10 በመቶ አሻሽሎ ለሚተነብይለት 1 ሚሊዮን ዶላር እከፍላለሁ አለ፤ ሽልማቱም በ2009 ተከፈለ። በ2017 ኮከቡን ትቶ አውራ ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አደረገው። አንድ ሰው ስለ ፊልም የሚሰማውን አሳንሶ አሳንሶ ወደ አንድ ጣት ማድረስ ለሻጩ ይጠቅማል። ለፊልሙ ግን ምክንያቱ ነው የሚጠቅመው፤ ምክንያቱ ያለው ደግሞ ከቡናው ጎን ነው።

ዩቲዩብም የዚሁ ሠፈር ልጅ ነው፤ በ2005 ሳን ማቴዮ ላይ ተጀመረ። ዲቪዲውን ከሀበሻ መደብር ያስወጣው እርሱ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ማታ 2 ሰዓት የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ በበጋ ኦክላንድ ላይ የሚደርሰው ረፋድ 4 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ ነው። ማታ ከሥራ መልስ በዩቲዩብ ይታያል። አምፔክስ ለኒውዮርክና ለካሊፎርኒያ ሦስት ሰዓት የፈታውን ችግር፣ ጎረቤቱ ለአዲስ አበባና ለኦክላንድ አሥር ሰዓት ፈታው።

እስካሁን ስለ መሣሪያው ብዙ አልኩ፤ አሁን ወደ ፍርዱ። ሰሞኑን ቤት ካየናቸው አንዱ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ በግ ይዞ ዘመድ ቤት ይላካል፤ አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል፤ ልጁ ደግሞ ምግብ መሥራት ይወዳል፣ ያም ለወንድ አይሆንም ይባላል። በየፌስቲቫሉ የተወራው ስለ ተራሮቹ ውበት ነበር። ሳሎን ውስጥ አብራን ያየች ጎጃም ያደገች እትዬ ግን ተራራውን አላየችም።

«እጁን እዩት» አለች፤ «ይሄ ልጅ እናቱ ጓዳ ያደገ ነው። ሊጥ ሲነካ አይፈራም።»

ኦክላንድ የተወለደው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሌላ ነገር አየ። «እትዬ፣ አጎቱ ክፉ ሰው ነው እንዴ?»

«ክፉ አይደለም ልጄ፤ ቸግሮታል። በዓል ደርሶ ቤቱ ባዶ ነው።»

አጎቱን እንደ ክፉ ያየ ሰው ፊልሙን ግማሽ ነው ያየው፤ እርሷ ያንን ግማሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሞላችው። እኔ በበኩሌ የፊልሙ መሐል ይጎትታል እላለሁ፤ የልጁን ብቸኝነት ከተረዳን በኋላም ደጋግሞ ያሳየናል። ያንን ብዬ ተቃውሞ ገጥሞኛል።

የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» ሌላ ጸባይ አለው። በ2014 በሰንዳንስ የተመልካች ሽልማት አግኝቷል፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ነበር። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅና ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናቸው ታሪኩ፤ ጠበቃዋን ሜሮን ጌትነት ተጫውታለች። ስለ ችሎቱ የምንለው ጥቂት ነው። ስለ ሽማግሌዎቹ ጉባኤ ግን ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ይከራከራል። ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚፈርዱት ሰዎች አጭበርባሪ ተደርገው አለመሳላቸው የፊልሙ ትልቅ ብርታት ይመስለኛል። በቤተሰቡ የጠለፋ ጋብቻ የነበረ ሰው ሳሎን ውስጥ ካለ ያ ትዕይንት ዝም ብሎ አያልፍም፤ ተነግሮ የማያውቅ የአያት ታሪክ ሲወጣ ሰምቻለሁ።

ኃይሌ ገሪማ ጋ ስንደርስ የሳሎን ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ይገባናል። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲያወጣ አከፋፋዮች ስላልፈለጉት አዳራሽ ራሱ እየተከራየ አሳየ፤ ዋሺንግተን ላይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የቪዲዮና የመጽሐፍ መደብር ከፍቶ ስሙንም ሳንኮፋ አለው። ያ ፊልም በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ፣ ኦክላንድ ውስጥ ልጆቻችንና ጥቁር አሜሪካውያን ጓደኞቻቸው በአንድ ሶፋ ተቀምጠው አዩት። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ የባሪያ ፈንጋዮችን ምሽግና የእርሻውን ሰቆቃ ለምን እንደ ራሱ ጉዳይ እንደያዘው የጠየቁት ልጆቹ ናቸው።

የኃይሌ «ጤዛ» ደግሞ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያልፋል፤ በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወስዷል። ጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር፣ እናቱ፣ ጣና ዳር ያለው መንደር፣ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ የተደበቁት ወጣቶች ናቸው የሚቆጣጠሩን። የደርግን ዘመን የኖሩት ሰዎች አንዳንዱን ትዕይንት ቆመው ነው የሚያዩት። ልጆቹ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ እያነበቡ ስለሚከተሉ፣ የእናትየዋን ጸሎትና ቁጣ ከወላጆቻቸው ዘግይተው ይደርሱበታል፤ ያኔ «ምን አለች?» ይመጣል፣ ፊልሙም ይቆማል። ሰው በየጆሮ ማዳመጫው ለብቻው ሲያይ የሚቀረው ይሄ ነው። አሁን አስተያየቱ በቤተሰብ ቴሌግራም ላይ በድምፅ መልእክት ይመጣል፤ ከመጥፋት ይሻላል፣ ግን ፊልሙን የሚያቆም ሰው የለበትም። ስለዚህ በወር አንዴ እንኳ አብሮ ማየቱን እንዳንተወው እለምናለሁ። የሚባለውንም አንዱ ልጅ ይቅረጸው፤ የአማርኛ ፊልም ሠሪ ከአውራ ጣት ይልቅ የእትዬን ዐረፍተ ነገር መስማት አለበት።

ለሚቀጥለው ጊዜ የተመረጠው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1974 የንጉሡ ሥርዓት በሚወድቅበት ሰሞን፣ የአገሬውን ሰው ተዋናይ አድርጎ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው የጭሰኞችና የባላባት ታሪክ ነው። ልጆቹ ርዝመቱን ሰምተው ለሁለት ቀን ይከፈል ብለዋል። እትዬ አልተስማማችም፤ አባቷ ጭሰኛ ነበሩ፣ ባላባቱ አፍ ሲከፍት ገበሬው ዐይኑን ወዴት እንደሚያደርግ በአንድ ቁጭታ ማየት ትፈልጋለች።