ጎንደር፦ ከመርፌው በፊት አካፋው

የዩኒቨርሲቲ ጤና ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው የግቢ ክሊኒክ ነው። ጎንደር ግን የጀመረችው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የደምቢያ ሜዳ በወባ ተመታ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በዓመቱ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፈተ። ያኔ ያሠለጠነው ዶክተር ሳይሆን ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። ሦስቱም ሳይመረቁ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። እዚያ በሽተኛ ማከም ብቻ አይደለም፤ ምንጭ ማጎልበት፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ ቤት ለቤት ማስተማርም ትምህርታቸው ነበር። (አካፋ የያዘ ተማሪ ያኔም ዛሬም ለወላጅ አያኮራም!)

በ1970ዎቹ የጤና መኮንኖቹ ትምህርት ተቋረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ጎንደር ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ። ሐኪም ማፍራቱ ደግ ነበር። አካፋውን መጣሉ ግን ስሕተት ነበር፤ አገሪቱ ከዓመታት በኋላ ጤና መኮንንን እንደገና ማሠልጠን ግድ ሆነባት።