መምህሩ ያልጻፈው መጽሐፍ

የቋንቋ ጥናት የተማረ ሰው ስሙን ሳይሰማ የማያልፈው አንድ መጽሐፍ አለ፤ «የአጠቃላይ ሥነ ልሳን ኮርስ» ይባላል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የስዊዘርላንዳዊው ሊቅ የፈርዲናንድ ደ ሶሱር ነው። ሶሱር ግን መጽሐፉን አልጻፈም። መጽሐፉ የተሠራው ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ከያዙት ማስታወሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶሱር በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ከ1907 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ይህን ትምህርት ሦስት ጊዜ ሰጠ፤ በየጊዜውም አቀራረቡን ይለውጥ ነበር። በ1913 ሲሞት ሻርል ባሊና አልቤር ሴሽኤ የተባሉ ሁለት ምሁራን የትምህርቱን ጽሑፍ ፈለጉ። የረባ ነገር አላገኙም፤ ሰውየው ረቂቁን እየተጠቀመ ያጠፋው ነበር። የቀረው የተማሪዎቹ ደብተር ብቻ ሆነ።

ባሊና ሴሽኤ ራሳቸው ትምህርቱን ክፍል ገብተው አልተከታተሉም። ስለዚህ ተማሪው አልቤር ሪድሊንገር ደብተሩን ይዞ አገዛቸው። የሦስተኛውን ኮርስ ማስታወሻ ከያዙት መካከል የሴሽኤ ባለቤትም ነበረች። ደብተሩን ከደብተር እያስተያዩ፣ አንዱ የዘለለውን ከሌላው እየሞሉ፣ በ1916 መጽሐፉን አወጡ።

እስከዚህ ድረስ ማስታወሻ በጋራ መያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ታሪክ ነው። መምህር ሲናገር የአንድ ሰው እጅ ሁሉን አይደርስበትም። አንዱ ምሳሌውን ሲይዝ ሌላው ፍቺውን ይይዛል። እነዚያ ደብተሮች ባይኖሩ ያ ሁሉ ትምህርት ከመምህሩ ጋር ይቀበር ነበር።

ጣጣው የመጣው ሲያዋህዱት ነው። አዘጋጆቹ የሦስት ኮርሶችን፣ የብዙ እጆችን ጽሑፍ አቅልጠው አንድ ድምፅ አደረጉት። ሶሱር በሦስተኛው ኮርስ ከዓለም ቋንቋዎች ልዩነት ተነስቶ ነበር ወደ ንድፈ ሐሳቡ የሄደው፤ መጽሐፉ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። በ1957 ሮቤር ጎደል ምንጮቹን መርምሮ ሲያሳትም የአዘጋጆቹ እጅ የት የት እንደገባ ታወቀ። ያ ዝነኛ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እንኳ ከተማሪዎቹ ደብተር አልተገኘም። በ1958 ደግሞ አዘጋጆቹ ያላዩት የኤሚል ኮንስታንታን ደብተር ብቅ አለ፤ የሦስተኛውን ኮርስ ከሌሎቹ ይልቅ አሟልቶ የያዘው እሱ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ «ሶሱር እንዲህ አለ» ሲባል የኖረው ከፊሉ የአዘጋጆቹ ቃል ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ችግር በአገራችን የቆየ መላ አለ። በአብነት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ ለዘመናት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ ኖሯል። የሊቃውንቱ ፍቺ ሲለያይ ግን አንዱ ሌላውን አይውጠውም። የመጀመሪያው ይነገርና «አንድም» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ «አንድም» ተብሎ ሦስተኛው። አንድምታ የሚለው ስም የወጣውም ከዚሁ ነው።

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የምናየው ሌላ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ የጻፈው ኖት በስልክ ፎቶ ይነሳና በቴሌግራም ለባቹ ሁሉ ይበተናል። ይህ መቀባበል እንጂ መተባበር አይደለም። ያ ልጅ አንድ ቀመር ቢሳሳት ክፍሉ በሙሉ አብሮት ይሳሳታል፤ የሚያስተያይበት ሌላ ደብተር የለማ!

ተማሪ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ቢያንስ ሦስት ሆናችሁ ጻፉ። ከክፍል እንደወጣችሁ በአንድ የጋራ ሰነድ ላይ አስተያዩት፤ ማን ምን እንደጻፈ ይታወቅ። ከራሳችሁ የጨመራችሁትን ማብራሪያ ከመምህሩ ቃል ለዩት። ያልተስማማችሁበትን አትደልዙት፤ «አንድም» ብላችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡትና ለመምህሩ አሳዩት። ባሊና ሴሽኤ የሚጠይቁት መምህር ሞቶባቸው ነበር። የእናንተው ነገ ጠዋት ክፍል ይገባል።