ቀለምና ስሜት፦ ከአደይ ብጫ እስከ አደባባይ ቀይ

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ይዞ የኖረ ቃል ነው። በዐረብኛ ቀለም ማለት ብዕር ነው፤ በግእዝ ብዕሩ የሚጠቅሰው ፈሳሽ ሆነ፤ በአማርኛ ደግሞ ሰፋና ዐይን ለሚለየው ኅብር ሁሉ መጠሪያ፣ አልፎም ለትምህርት ስም ሆነ። ቀለም የቆጠረ ሰው ፊደል የለየ ነው፤ ቀለም የገባው ተማሪ ትምህርት የሠመረለት ነው። እይታ፣ ጽሕፈትና ዕውቀት በአንድ ቃል ጥላ ሥር ተጠልለው ይኖራሉ።

ቀለም በሰው ስሜት ላይ ኃይል እንዳለው የሚክድ የለም። የሚያከራክረው የኃይሉ ምንጭ ነው። ቀይ በተፈጥሮው ቁጣን፣ ነጭ በተፈጥሮው ንጽሕናን፣ ብጫ በተፈጥሮው ደስታን ይወልዳልን? ወይስ ይህን ስሜት በቀለሙ ላይ ያሳደረበት የሰው ኑሮና ታሪክ ነው? ይህ ጽሑፍ የሚያጠነጥነው በሁለተኛው አሳብ ላይ ነው። ለማስረጃነት የሚቀርቡት በመጀመሪያ የራሳችን ቋንቋ፣ ቀጥሎም የወልቂጤና የቡታጅራ አካባቢ የጉራጌ ኑሮ፣ በመጨረሻም ጉራጌም ሌላውም ወገን ለእንጀራ የሚሰበሰብባት የአዲስ አበባ አደባባይ ናቸው።

የቋንቋው ምስክርነት

በአማርኛ ከቀለማት መካከል የራሳቸው ግሥ ያላቸው በቅድሚያ ሦስቱ ናቸው፦ ጠቆረ፣ ነጣ፣ ቀላ። ሰማያዊ ስሙን ከሰማይ፣ ቡኒ ከቡና፣ ብርቱካንማ ከፍሬው ተውሰዋል። ለአረንጓዴ «ለመለመ»ን፣ ለብጫ «ወየበ»ን ብንጠራም፣ የመጀመሪያው የቡቃያን ጤንነት፣ ሁለተኛው የመልክን መደብዘዝ ይናገራል እንጂ ቀለሙን ብቻ አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በ1969 በርሊንና ኬይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት የብዙ አገር ቋንቋዎችን አነጻጽረው፣ ሦስት መሠረታዊ የቀለም ስም ብቻ ያለው ቋንቋ ሦስቱ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ እንደሚሆኑ ጽፈዋል። የአማርኛ ግሦች ከዚህ አስተያየት ጋር ይስማማሉ።

እነዚህ ግሦች ወዲያው ወደ ስሜት ይሻገራሉ። ያዘነ ወይም የተቆጣ ሰው ፊቱ ይጠቁራል፤ የጠብ ዐይን ይቀላል፤ የፈራ ፊት አመድ ይመስላል፤ የምሥራች የሰማ ፊት ይበራል። ይሁን እንጂ ቋንቋው ለቀለም አንድ ቋሚ ስሜት ሰጥቶ አልተወም። ነጭ የበዓል ልብስ ነው፤ ነጭ የሙት መገነዣም ነው። «የነጣ ድኻ» ሲባል ንጽሕናው አልተመሰከረለትም፤ እጁ ባዶ መሆኑ ተነገረ እንጂ። እንግሊዞች ጉዳት የሌለውን ትንሽ ውሸት ነጭ ሲሉት፣ በእኛ ዘንድ ነጭ ውሸት ዐይን ያወጣ፣ መሸፈኛ የሌለው ቅጥፈት ነው። ቀለሙ አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት ነው። የገዳም መነኮሳት የሚለብሱት ወይባም ብጫ ነው፤ የዚያ ብጫ ትርጉም ዓለምን መናቅ ነው። እንግዲህ ያው ብጫ በመስከረም ሜዳ ላይ እንዴት የደስታ ምልክት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ወደ ጉራጌ አገር እንሻገር።

ብጫና አረንጓዴ በጉራጌ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወልቂጤን፣ ወደ ሆሳዕና የሚወስደው ቡታጅራን ያገናኛል። ሁለቱ ከተሞች በጉራጌ ተራሮች ግራና ቀኝ ናቸው፤ ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። በሁለቱም መናኸሪያዎች በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት የሚታየው ትርምስ በዓመቱ ውስጥ አቻ የለውም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በንግድ፣ በጉልበት ሥራና በጫማ ጠረጋ የሚተዳደረው ወገን ለመስቀል ወደ ትውልድ መንደሩ ይጎርፋል። ወንዱ ለሰንጋ መግዣ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባል፤ ሴቷ ከጎረቤቶቿ ጋር በየተራ ቅቤ ታጠራቅማለች። የተጣላ ይታረቃል፤ ለጋብቻ የታሰበ ይጠየቃል፤ ወላጅ ከሩቅ የመጣ ልጁን ይመርቃል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሦስት ወር የዘለቀው ክረምት ወጥቶ፣ ጭጋጉ ከተራራው ላይ ተነሥቶ፣ ሜዳው አደይ አበባ በለበሰ ሰሞን ነው። ተመላሹ ከመኪና መስኮት የሚያየው ብጫ እንግዲህ ከብዙ ነገር ጋር የተቋጠረ ነው፦ ከጭቃው ማብቃት፣ ከእናት ደጅ፣ ከእሳት ዳር ጨዋታ። በጣባ የሚቀርበው ክትፎም የራሱ ኅብር አለው፤ ቀዩ ሥጋ፣ ነጩ አይብ፣ አረንጓዴው ጎመን፣ ብጫው ቅቤ በአንድ ማዕድ ይገናኛሉ። እዚያ ማዕድ ላይ ቀይ የጠብ ቀለም ነው ቢባል የሚሰማ የለም፤ ቀይ እዚያ የጥጋብና የአክብሮት ቀለም ነው።

ነገር ግን ብጫ የጉራጌ ሕዝብ ሁሉ የመመለሻ ቀለም ነው ብንል እንሳሳታለን። በቡታጅራም በወልቂጤም ዙሪያ የሚኖረው ሙስሊም ጉራጌ ወደ አገሩ የሚመለስበት ታላቁ በዓል ዐረፋ ነው። የእስልምና የዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ ዐረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ አንድ ሰው በዕድሜው ውስጥ በዐረፋ አገሩን በበጋ አቧራ፣ በበልግ ቡቃያ፣ በክረምት ጭጋግ ውስጥ ያየዋል። የእርሱ የመመለስ ደስታ ከአንዲት የመስከረም አበባ ጋር አልታሰረም። ታዲያ ሁለቱን ወንድማማቾች በየበዓላቸው በአንድ ቀለም የሚቀበላቸው ማን ነው? እንሰት ነው። በቤቱ ጓሮ የቆመው እንሰት በበጋም በክረምትም አረንጓዴ ነው።

ይህ አረንጓዴ ለጉራጌ ገበሬ የመልክዓ ምድር ጌጥ ብቻ ሆኖ አልኖረም። እንሰት ድርቅን ይቋቋማል፤ ቆጮው በጉድጓድ ተቀብሮ ለክፉ ቀን ይቆያል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አልነበረም። የእንሰቱ ቅጠል ሲለመልም ማየት ማለት ነገ የሚበላ አለ ብሎ ልብን ማሳረፍ ማለት ነው። በአውሮፓ መጻሕፍት አረንጓዴ «የሚያረጋጋ ቀለም» ተብሎ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የዐይን ዕረፍት ነው፤ በጉራጌ ግን እርጋታው የሚመጣው ከጎተራ ነው ማለት ይቻላል።

አረንጓዴ ራሱ የሚያረጋጋ ቢሆን ኖሮ፣ በየትም ቦታ ባረጋጋ ነበር። ከቡታጅራ በስተደቡብ በስልጤ አገር፣ እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ሐይቅ አለ። ሕዝቡ ይህን ሐይቅ ሐረ ሸይጣን ብሎ ሰየመው፤ የሰይጣን ሐይቅ ማለት ነው። በጓሮ ሲታይ ልብ የሚያሳርፈው ቀለም በገደል ሥር ጸጥ ብሎ ሲታይ አስፈሪ ስም አስገኘ። የጓሮው አረንጓዴ የሰው እጅ ተክሎ የተንከባከበው ነው፤ የገደሉ አረንጓዴ ግን ከሰው ሥልጣን ውጭ ነው።

ሳይንሱ ምን ይላል?

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው መጽሐፍ ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድምር መሆኑን አስረዳ። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1810 ቀለም በብርሃን ስሌት ብቻ አይፈታም፣ በሰው ነፍስ ላይ የሚያሳድረው ስሜት ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል ሲል ተከራከረ። ከዚያ ወዲህ ለየቀለሙ ስሜት የሚደለድሉ ሠንጠረዦች ዓለምን ሞሉ። ከእነዚህም አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የታመነው፣ የእስር ቤት ክፍል ሮዝ ቢቀባ ቁጡ እስረኛ ይበርዳል የሚለው ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥንቃቄ የተሞላባቸው ፍተሻዎች ግን ተስፋውን አላጸኑለትም።

የቅርብ ጊዜ ጥናቶች የተሻለ ሚዛን ይዘዋል። በስዊስ አገር የሎዛን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ከ30 አገሮች የተውጣጡ 4,598 ሰዎችን ጠይቀው፣ የቀለምና የስሜት ዝምድና በብዙው በሕዝቦች መካከል እንደሚመሳሰል፣ ሆኖም በቋንቋም በመልክዓ ምድርም የሚቀራረቡ አገሮች ይበልጥ እንደሚመሳሰሉ አሳይተዋል። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከ55 አገሮች በተገኙ 6,625 ሰዎች ላይ የታተመው ጥናት ነው። ብጫን ከደስታ ጋር ማያያዝ ከምድር ወገብ በራቁና ዝናብ በበዛባቸው አገሮች ይጠነክራል፤ ፀሐይን የሚናፍቅ ሕዝብ በቀለሟ ይደሰታል። ወልቂጤና ቡታጅራ ከምድር ወገብ የሚርቁት 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ክረምታቸው ፀሐይን ያስናፍቃል። አደይ የምትፈካው ናፍቆቱ በበሰለ ጊዜ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ የሰው ዐይንና የሰው ደም በሁሉም ዘንድ አንድ ስለሆኑ የጋራ መሠረት መኖሩን፣ በመሠረቱ ላይ የሚታነጸው ቤት ግን በየአየር ንብረቱ፣ በየሥራውና በየታሪኩ የሚለያይ መሆኑን ነው።

የቀዩ ቀለም ዕጣ

ታሪክ አንድን ቀለም እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት ከቀይ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የጥንት ጸሐፍት በብራና ላይ ሐተታውን በጥላሸት በተበጠበጠ ጥቁር ቀለም ሲጽፉ፣ የአምላክን፣ የማርያምንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ያጎሉ ነበር። አንባቢው ቀይ ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀይ የአክብሮት ምልክት ነበረ።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአዲስ አበባ፣ በዚያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው ሥፍራ፣ ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ወርውረው ሰባበሩ። ስሙ ከሩሲያ አብዮት የተወሰደው ቀይ ሽብር በዚያው ዓመትና በ1970 ዓ.ም. የስንቱን ቤት በር እንደዘጋ የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል። ለተቃዋሚው ወገን ድርጊት ደግሞ ነጭ ሽብር የሚል ስም ተሰጠው። በነጭም በቀይም ስም ሰው ሞተ። የበዓል ልብስ ነጭ፣ የቅዱሳን ስም ቀይ በአንድ ዓመት ውስጥ የሞት ቅጽል ሆኑ። ያን ጊዜ ልጇን ያጣች እናት ቀይ ሰንደቅ ስታይ የተሰማትን፣ ማንም የቀለም ሠንጠረዥ አስቀድሞ ሊነግረን አይችልም ነበር። በ2002 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው በዚያው አደባባይ ጥግ ነው። አደባባዩ ዛሬ መስቀል አደባባይ ይባላል፤ በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን በአደይ ያጌጠ ደመራ ይበራበታል። ብጫውም ቀዩም ትዝታ በአንድ መሬት ላይ ይገናኛሉ።

ይህን ሸክም አስቀድሞ በሸራ ላይ የተረዳው ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። በሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሊቅ ነበሩ። ልጁ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን ለአዲስ አበባ ሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ረቂቅ ሥዕል የኛ ነው ወይስ የባዕድ የሚል ክርክር ተነሣ። «ጎልጎታ» በተሰኘው ሥራው የስቅለቱን ሕማም የሚናገረው በቀይ ቀለም ኃይል ነው። የአውሮፓን አሣሣል የተማረ እጅ፣ በአባት ብራና ላይ ያየውን ቀይ አልረሳም ብንል ከእውነት አንርቅም። በስደት እያለ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ዐረፈ፤ ሥራዎቹ ግን ዛሬም ተመልካቹን አቁመው ያነጋግራሉ።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለመምህሩ፣ ለኪነ ጥበብ ሰውና ለባህል ሠራተኛው የሚተርፍ ሥራ አለ። በየትምህርት ቤቱ ከባዕድ መጽሐፍ እየተገለበጠ የሚሰጠው «ቀይ፦ አደጋ፤ ነጭ፦ ንጽሕና፤ ጥቁር፦ ክፋት» የሚል ዝርዝር ተማሪውን ከገዛ ዐይኑ ይለየዋል። በተለይም ጥቁርን ከክፋት ጋር እያቆራኙ ለጥቁር ሕፃን ማስተማር ከስሕተትም በላይ በደል ነው። የወልቂጤ መምህር ተማሪዎቹን ወደ እናቶቻቸው ቢልካቸው፣ ቀለማትን በጉራጌኛ ምን ብለው እንደሚጠሩ፣ ምን ሲያዩ ደስ እንደሚላቸው፣ ምን ሲያዩ እንደሚፈሩ ጠይቀው ቢመጡ፣ በአንድ ወር ውስጥ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ መዝገብ ይኖረዋል። ለቃላቱ መነሻ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ቅጽ ያሳተመው የጉራጌኛ ሥርወ ቃል መዝገብ አለ።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቡታጅራ ጥሩ አርአያ አላት። እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዚያ የጀመረው የገጠር ጤና ጥናት፣ በኋላም በአእምሮ ሕመም ላይ የተደረጉት ሰፊ ምርምሮች በዓለም ዘንድ የታወቁት፣ ተመራማሪዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የሕዝቡን ጭንቀት ከሕዝቡ አንደበት በመስማታቸው ነው። ሐዘንን በዚህ ትጋት መመዝገብ ከተቻለ፣ ደስታንና ቀለሙን መመዝገብ አያቅትም።

ሠዓሊውም፣ የመድረክ ብርሃን የሚያበራው ባለሙያም፣ የከተማ ግድግዳ የሚያስቀባው ሹምም ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህ ቀለም በዚህ ሕዝብ ዘንድ ማንን ሲሸኝ፣ ማንንስ ሲቀበል ኖረ? ቀለም በዐዋጅ ሊታዘዝ ይችላል፤ በ1969 ዓ.ም. ታዝዞም አይተናል። ስሜት ግን ለዐዋጅ አይገዛም፤ ያየውን ያስታውሳል፤ የተደረገበትንም አይረሳም።